ጸጥታ ያልኩት እሑድ

እሑድ፣ ኅዳር 9። ጠዋት 3፡40

መስመሮቹ ቆመዋል። በመጨረሻ! ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሽሮ ሲንተከተኩ የከረሙት ቀይና ጥቁር መስመሮች ኮምፒውተሩ ላይ ቀጥ ብለዋል። ከዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ጋር አጥር ለአጥር የሚጎራበተው የዲላ ቡና መፈልፈያ ጸጥ ብሏል። ሠራተኞቹ ቤ/ክ ገብተዋል፤ ሲወጡ እንደገና ያስነሱታል። ወቅቱ ስለሆነ ሌሊትም አያርፍም። ስለዚህ ይህቺ የአምልኮ ሰዓት ብቻ ናት የእኔ።

ዕቃዬን ላስተዋውቅህ፣ ማስታወሻዬ። አንድ ቀይ ሌዘር፣ ለማስተማሪያ የተገዛ። ብርሃኑን ለሁለት የሚከፍል መስታወት። ሁለቱ ጨረሮች ለየብቻ ሄደው ተመልሰው ሲገናኙ መስመር ይሠራሉ። በአንዱ መንገድ ላይ አየሩ ትንሽ እንኳ ቢግል መስመሮቹ ይጎብጣሉ። ይኼ ሁሉ የተቀመጠው ሐውልት ሠሪ ቤት በተገዛ እምነ በረድ ላይ ነው። እምነ በረዱ ደግሞ በተነፋ የባጃጅ ከመነዳሪ ላይ ተቀምጧል፣ ንዝረት እንዳይወጣበት። ደረጀ (ፊዚክስ ትምህርት ክፍላችን ውስጥ አብሮኝ ያስተምራል፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ አፉ አያርፍም) በጎሚስታ የሚጠገን ብቸኛው ላቦራቶሪ ነው ይላል።

በጨረሩ መንገድ ላይ ሁለት ምስማር አለ። በመሃላቸው ከመኪና ኮይል ብልጭታ ይዘላል። ብልጭታ ፕላዝማ ነው፣ ኤሌክትሮኖቹ እስኪላቀቁ የጋለ ጋዝ። ትንሽ፣ ግን የምር። የበር ደወል መጫኛውን ስጫን ጧ ይላል፣ ካሜራው ይቀርጻል።

ዛሬ ከብልጭታው በኋላ መስመሮቹ ተወዛወዙ። ወዝወዝ፣ ወዝወዝ፣ ቀስ እያሉ በረዱ። ደገምኩት። ያው ነው! እንደገና። ያው ነው! የጋለው ጋዝ እየተነፈሰ ነው ብዬ ጻፍኩ።

አባዬ እዚህ መሆኔን አያውቅም። ከግቢ ተማሪዎች ኅብረት ጋር ነው የማመልከው አልኩት። ጥሩ ነው፣ ወጣቶቹን አበርቺያቸው አለኝ። ከበሮውን ተሸክሞ ወጣ። አሁን ስጽፈው ደስ አይልም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11። ከሰዓት

መፈልፈያው ይጮኻል። መስመሮቹ ሾርባ ሆነዋል። ፈተና አርማለሁ፣ አእምሮዬ ግን እዚያ ነው።

ለምን እንደምለፋ ላንተ ልንገርህ፤ ሌላ ሰው ሲሰማ ያዛጋል። ባሕር ማዶ አንድ የሌዘር ማዕከል አለ። እዚያ ኃይለኛ የብርሃን ምት ጋዝ ውስጥ ይለቃሉ። ምቱ ኤሌክትሮኖቹን እየገፋ ያልፍና ከኋላው ሞገድ ይነሳል፣ ጀልባ ካለፈ በኋላ ሐይቅ ላይ እንደሚነሳው። የፕላዝማ ሞገድ። ግን ዓይን ሳይርገበገብ፣ ካሜራ ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ጠፍቷል። እንዴት ይለካል? ከሞገዱ ራሱ ያጠሩ ሁለት ምቶች ይላካሉ። አንዷ ሞገዱ ሳይነሳ ታልፋለች፣ ጋዙን ሰላም ሳለ ታየዋለች። ሁለተኛዋ ከኋላ፣ ሞገዱ ላይ ትደርሳለች። ከዚያ የሁለቱ ቀለማት ተዘርግተው ሲገናኙ መስመር ይሠራሉ። ሞገዱ ሁለተኛዋን ምን ያህል እንዳዘገያት መስመሮቹ ይናገራሉ። በቃ ይኼ ነው። እንዲህ ዓይነት ብልሃት የሰው ልጅ አሰበ ብዬ እስካሁን እደነቃለሁ።

ስንት ዓመት ሰዎች በለኩት ፋይል ላይ ሒሳቡን ሠራሁ። ሞገዱን በገዛ ዓይኔ፣ ገና ከመሣሪያው ሲወጣ ማየት እፈልጋለሁ። ለአንድ ሰው ቦታ አላቸው። የማዕከሉ ፕሮፌሰር የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ በገዛ እጅሽ የሠራሽውን መስመር፣ የገዛ ብልጭታሽ ያመጣውን ለውጥ አሳዪኝ። እስከ ገና።

እሑድ፣ ኅዳር 16። 6፡10

ዛሬም መጣ። ብዙ ጊዜ ተጫንኩ። ሁሉንም ደርቤ አማካዩን ሳወጣ... ውይ ማስታወሻዬ! የተማሪ መጽሐፍ ላይ የሚሣል ዓይነት ሞገድ። ከብልጭታው ተነስቶ ዝቅ ከፍ እያለ የሚከስም። ብቻዬን ሳቅሁ። ወንበሩን ይዤ ዞርኩ።

ማነጻጸሪያውን፣ ብልጭታ የሌለበትን ምስል፣ ጠዋት ገና እንደገባሁ ነው ያነሳሁት። ቀጥ ያለ ነበር። እንከን የለውም።

መፈልፈያው ተነሳ። ሕዝቡ ወጥቷል ማለት ነው። ኔትወርክ ሲኖር ነገ እልካለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

መልስ መጣ!!! ወደድነው አለች። እንዲህ ባለ ዕቃ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሞገድ ማየት እንደገረማት ጻፈች። ቦታው ያንቺ ነው፣ ከገና በኋላ ወረቀቱ ይጨረሳል።

ለደረጀ ነገርኩት። አቅፎ አነሳኝና አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ዞረ። ኃላፊው ሳይቀር አጨበጨበ። አባዬ እራት ላይ ስነግረው ማንኪያውን አስቀምጦ ተነስቶ ጸለየ፣ ረጅም ጸሎት። ወጡ ቀዘቀዘ። በጸሎቱ ውስጥ ልጄ እሑድ እሑድ በወጣቶች መካከል ስለምትደክመው ድካም ብሎ አመሰገነ። አሜን ማለት አቃተኝ። አልኩ ግን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25። ማታ

ምነው ባልነካሁት!

ጠዋት መብራት ጠፋ። የመፈልፈያውም ጄኔሬተር ተበላሽቶ ኖሮ ቀጥ አለ። እሑድ ያልሆነ ጸጥታ! ለደስታዬ ብዬ እንጂ ማንም አልጠየቀኝም። የመኪና ባትሪ በኢንቨርተር አገናኘሁ። ሌዘሩ በራ። መስመሮቹ ቀጥ አሉ። ተጫንኩ፣ ጧ። ምንም። ተጫንኩ። ምንም። መስመሮቹ እንደ ግድግዳ።

ደረጀ ገብቶ አየ። በባትሪ ስለሆነ ብልጭታው ደክሟል፣ አታካብጂ አለኝ። ሊሆን ይችላል። በእርግጥ ብልጭታው ሳሳ ያለ ነበር። ግን ጨርሶ? ትንሽ እንኳ?

እራት አልበላሁም። አባዬ ወባ እንዳይሆን ብሎ ግንባሬን ነካ።

እሑድ፣ ኅዳር 30። ከሰዓት

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በተራ ልጻፈው።

ደረጀ ከቅዳሴ መልስ ነጠላውን እንዳጣፋ መጣ። መብራት አለ፣ መፈልፈያው ቆሟል። ተጫንኩ፣ ሞገዱ መጣ። እፎይ! ደርቤ አማካይ አወጣሁ፣ ያው ያማረው ሞገድ። ደረጀ እስቲ እኔ ልሞክራት ብሎ ተቀመጠ። ተጫነ፣ ተጫነ። መስመሮቹ ይወዛወዛሉ፣ ግን አንዱ ከብልጭታው በፊት፣ አንዱ ዘግይቶ፣ እንዳሻቸው። አማካዩ ሲወጣ ጠፍጣፋ። ምንም የለም። እኔ ተቀመጥኩ። ሞገድ። እሱ። ጠፍጣፋ። እኔ። ሞገድ።

"ፕላዝማሽም ጴንጤ ነው እንዴ?" አለ። "የኛ ሰው ሲጫነው እምቢ የሚለው!"

ሳቅን። እኔ መጫኔን ቀጠልኩ። ያን ጊዜ ነው እንደ ዋዛ የጨመረው፦ "ደግሞ እኮ እያንጎራጎርሽ ነው የምትጫኚው።"

እጄ መጫኛው ላይ ቀረ። እውነቱን ነው፣ እያንጎራጎርኩ ነበር። ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ከወንዙ ማዶ፣ ከቤ/ክናችን፣ ያው መዝሙር። ከበሮው ዱም ሲል ሕዝቡ ሁሉ አብሮ ይዘላል። ያ ሁሉ እግር መሬቱን ሲመታ እምነ በረዴ ከመነዳሪው ላይ ይነቃነቃል፤ ነቅነቅ፣ ነቅነቅ ብሎ ይበርዳል። ሞገዴ ይኼ ነው። እኔ ደግሞ በእናቴ ጀርባ ከታዘልኩበት ጊዜ ጀምሮ በዚያ ከበሮ ያጨበጨብኩ ሰው፣ ሳላውቀው፣ ልክ በምቱ ላይ እጫናለሁ። ደረጀ መዝሙሩን አያውቀውም፤ እንደመጣለት ይጫናል። ጠዋት ያነሳሁት ማነጻጸሪያ ደግሞ ዝማሬው ሳይጀመር ነው፣ በመክፈቻው ጸሎት ሰዓት። ስለዚህ ነው ቀጥ ያለው።

ስንት እሑድ እዚህ ተቀምጬ ጸጥ ያለ ሰዓት እል ነበር። መዝሙሩ በጆሮዬ ይገባል፤ ለእኔ ግን ድምፅ አይደለም። ሁልጊዜ ውስጡ ነበርኩና ከውጭ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ከበሮውን የሚመታው አባዬ ነው። ጸጥታ ያልኩት አባዬን ነው።

ደረጀ መጥቶ አጠገቤ መስኮቱ ላይ ቆመ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ክፍል ገባሁ፣ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም። አንዲት ተማሪ ጉንጭሽ ላይ ያለው እንባ ነው ወይስ ጠመኔ አለችኝ። ጠመኔ ነው አልኳት።

ደረጀ ቢሮ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ምክሩ፦ ተዪው። እዚያ ሄደሽ ትክክለኛውን በትክክለኛው ሌዘር ትሠሪያለሽ። የከመነዳሪውን ሞገድ ማን ያስታውሰዋል? ማንንም አልጎዳሽም። ክፋት የለውም፣ ለእኔ አዝኖ ነው። ችግሩ ቃላቱ ሁሉ ሌሊቱን እኔ ለራሴ ያልኳቸው ናቸው። ከሰው አፍ ሲወጡ ሰነፍ ሆኑብኝ።

አንድ ተስፋ አለ። ማክሰኞ ብልጭታው ደካማ ነበር። ከከበሮው ሥር እውነተኛ ትንሽ ለውጥ ተደብቆ ቢሆንስ? ያ ከሆነ ለፕ/ሯ መጠኑ ተሳስቷል፣ ይኸው ትክክለኛው እላለሁ። ቦታው ይተርፋል። ለማወቅ መብራት ያለበት፣ መፈልፈያው የቆመበት፣ ቤ/ክኗም ዝም ያለችበት ሰዓት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰዓት ዲላ ውስጥ የለም። ስብከት ላይስ? መጋቢው በማጉያ ነው የሚሰብከው፣ ሕዝቡም ሃሌ ሉያ እያለ ይነሳል ይቀመጣል። ሲያልቅ መፈልፈያው ይነሳል።

ሕዝቡን ዝም ሊያሰኝ የሚችል ሰው አውቃለሁ። ያው የቤ/ክኗ ሽማግሌ፣ ከበሮ መቺው አባዬ። እሱን ለመጠየቅ ግን የት እንደነበርኩ መንገር አለብኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 3። ማታ

ነገርኩት።

አባዬ የቆጮ ቂጣውን እየቆረሰ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ የተማሪዎቹ ኅብረት ውሸት መሆኑን፣ ሌዘሩን፣ ከበሮውን። ዕድሜውን ሙሉ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው፤ ሳያቋርጥ ሰማኝ። ስለ መሣሪያው ሁለት ጥያቄ ጠየቀ፣ ሁለቱም ትክክለኛ ጥያቄ። ለአፍታ የማያዝንብኝ መሰለኝ።

ከዚያ እንዲህ አለ፦ "በየእሑዱ ከሕዝቡ ፊት ቆሜ ስላንቺ አመሰገንኩ። ጌታ ፊት ያዋሸሽኝ ለዚህ ነው?"

ይቅርታ አልኩ። ከዚያም፣ ከይቅርታው ጋር እንዴት እንደወጣ እንጃ፣ የመጣሁበትን ተናገርኩ። እሑድ አምስት ሰዓት ላይ ጥቂት ጊዜ ዝም ብትሉልኝ። በጽሞና ጸሎት እንኳ። እግር ሳይነሳ፣ ማጉያ ሳይከፈት።

እውነቱን ካወቅሽ ምን ታገኛለሽ አለኝ። ምናልባት ቦታውን አጣለሁ አልኩት።

"እና ቦታውን እንድታጪ ነው መዝሙር የማቋርጠው?"

ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ። እሱ ግን አልሳቀም። ለላቦራቶሪ ተብሎ ጸሎት አይታወጅም፣ ሕዝቡ የማንም መጠቀሚያ አይደለም ብሎ ተነሳ። እጁን ታጠበ። በሩን ዘጋ። ቀስ ብሎ ነው የዘጋው፤ ጓ አድርጎ ቢዘጋው ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 5

አባዬ ትናንት ጎህ ሳይቀድ ደጋው ላይ፣ ቡሌ፣ ለቅሶ ሄደ። ሳይነግረኝ። ከጎረቤት ነው የሰማሁት። ስልኩ አይሠራም፣ እዚያ ላይ ኔትወርክ እንደ ፀሐይዋ ነው፤ ስትፈልግ ትወጣለች። ብርዱ ለደረቱ አይሆንም። ጋቢውን እንኳ ረስቶታል። ወንበሩ ላይ ነው ያለው፣ አላነሳሁትም።

ከፕ/ሯ አጭር መልእክት መጣ። ሞገዴን ለባልደረቦቿ አሳየችው። ስሜን እንዴት እንደሚጠሩት ጠየቀች። አስቴር። እንደሚጻፈው ነው የሚጠራው። መልስ አልሰጠሁም።

ደረጀ የእኔን እጅ የሚተካ ነገር ሠራ። የመኪና ፍሬቻ የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ ከኮይሉ ጋር አገናኘው፤ በራሱ ሰዓት ይጫናል፣ መዝሙር አይሰማም። ይኸው እምነት የሌለው ጣት አመጣሁልሽ አለኝ። ቀልዱን ሰማሁት እንጂ አልደረሰኝም።

እውነት ልንገርህ? ግማሽ ልቤ አባዬ እምቢ ማለቱን ወዶታል። ካላወቅሁ የላክሁት እንደላክሁ ይቀራል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 6። ማታ

አባዬ ገባ። አይሱዙ ላይ ተጭኖ፣ ጫማው ጭቃ። እያሳለ ነው። እግሩን ላጥበው ብዬ ውኃ አሞቅሁ፣ እግሩን ዘረጋልኝ። ስለ ሟቹ ተናገረ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ እንሰቱ በሽታ። ስለዚያኛው ነገር ቃል የለም። ነገ የት ነሽ ብሎም አልጠየቀኝም።

ላቦራቶሪ ነኝ አልኩት፣ ሳይጠይቀኝ። ሁለተኛ አልዋሽም። ራሱን ነቀነቀ። እሺ ይሁን ወይ ሰማሁ፣ አላውቅም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 7። 4፡30

ላቦራቶሪ ነኝ። ብቻዬን። ደረጀ ልምጣ ብሎ ነበር፣ አይሆንም አልኩት።

መፈልፈያው ቆሟል። መብራት አለ። የፍሬቻው ማብሪያ ቀጭ ቀጭ እያለ በራሱ ይተኩሳል፣ ብልጭታው ወፍራም ነው። መስኮቱን ከፍቼዋለሁ። መዝሙር ላይ ናቸው። መስመሮቹ በየከበሮው ይንቀጠቀጣሉ። አማካዩን አወጣሁ፤ ጠፍጣፋ ይመስላል፣ ግን በዚህ ሁሉ ንቅናቄ ውስጥ ትንሽ ነገር ቢኖርም ተውጦ ይቀራል። ለመፍረድ አይበቃም።

ከበሮው ዛሬ ጠንካራ ነው። እያሳለ እንዴት ነው እንዲህ የሚመታው? የተቆጣ ይመስላል። ወይ እኔ ነኝ።

ስብከት ተጀመረ። ማጉያው ያስገመግማል።

አምስት ሊሆን ነው። ከእንግዲህ ምንም የማደርገው የለ

5፡00 አልፎ

ቆሙ።

መስመሮቹ ቆሙ። መጀመሪያ መብራት የጠፋ መስሎኝ ሌዘሩን አየሁት። በርቷል። ብልጭታው ይተኩሳል። መስመሮቹ ግን በማስመሪያ እንደተሰመሩ ናቸው። ሮጬ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ማጉያው ዝም። ከበሮው ዝም። ጭብጨባ የለም። ከሩቅ የባጃጅ ጡሩምባ፣ ከዚያ እሱም የለም። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ ትላንት መፈልፈያው ላይ ጆንያ ሲሸከሙ የዋሉት ሰዎች፣ እግራቸውን ሰብስበው ቆመዋል። ምን ብሎ እንደጠየቃቸው አላውቅም። ስሜን አንስቶ ይሆን? አፍሮ ይሆን?

አባዬ ነው። አየሁት። ፊቱን አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ላይ፣ በቀጥታው መስመር ላይ።

አለቀስኩ። እያለቀስኩ ቀረጽኩ። ይኼን ጸጥታ አላባክነውም ብዬ ዓይኔን በሹራቤ እየጠረግሁ ቀረጽኩ።

5፡20

ጸጥታው አልቋል። አማካዩን አወጣሁ። ደግሜ አወጣሁ።

ምንም የለም። በሙሉ መብራት፣ በወፍራም ብልጭታ፣ የብልጭታው ግለት ካሜራዬ ሳይደርስበት ይበርዳል እንጂ የሚታይ ሞገድ አያስነሳም። ትንሽም። ተስፋ ያደረግሁባት ትንሽዬዋም። ባላሰብኩት ጥራት፣ ምንም የለም።

ኮምፒውተሩን ወደ ራሴ ሳብኩ።

ለፕ/ሯ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ በአራተኛው ጨረስኩ። የላክሁልሽ ሞገድ የብልጭታው አይደለም፣ የሕዝባችን እግርና የአባቴ ከበሮ ነው። በምቱ ላይ የተጫንኩት እኔ ነኝ። የዛሬውን ፋይል ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፣ ምንም የሌለበትን። ቦታውን ለሌላ ሰው ብትሰጪ አልቀየምም አልኩ። ያቺ የመጨረሻዋ ውሸት ናት፣ እቀየማለሁ። አጠፋኋት። ቦታውን አሁንም በጣም እፈልገዋለሁ ብዬ ጻፍኩባት።

ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ። ጠበቅሁ። ሄደ። ተልኳል።

መስመሮቹ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀምረዋል። ቀስ ያለ ምት ነው፣ የመዝጊያው መዝሙር፣ እናቴ ትወደው የነበረው። አባዬ ሲያስል አንድ ምት ይዘላል፣ መስመሩ ላይ ይታያል። ጋቢውን ዛሬም ቤት ትቶታል። ሌዘሩን አጠፋሁ። አሁን ብሮጥ፣ ድልድዩን ብሻገር፣ ሳይበተኑ እደርስና አባዬ አጠገብ እቆማለ—